ስፒከር ሊገዙ የመጡት ሽማግሌ

“ይሄ ለአንድ ሰው ጆሮ ነው ልጄ... የእኔ ነገር ለብቻ አይሰማም።”

ሽማግሌው ኢርፎኑን ለጁነይድ መለሱለት።

ጁነይድ ነገሌ ገበያው አጠገብ የኤምፒስሪና የሞባይል ዕቃ ይሸጣል። ያኔ ኤምፒስሪ አንገት ላይ ማንጠልጠል የአራዳ ምልክት ነበር፤ ደርሳችሁበት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

የዚያን ቀን ግን ጁነይድ የሥራ ልብ አልነበረውም።

ታናሽ ወንድሙ ሳሊም በሞተር ወደ ዱብሉቅ ገበያ ሄዶ ቀናት ቢያልፉም አልተመለሰም... ስልኩ ዝግ ነው። ቆላው ላይ ከባድ ዝናብ ጥሏል፤ ደረቁ ወንዝ ሁሉ ሞልቷል ይባላል።

እናታቸው እትዬ በድሪያ እህል መቅመስ ትተዋል።

“ታዲያ ምን ልስጥዎት አባባ? ከቨር አለ፣ ማንጠልጠያ አለ፣ ከጆሮ የማይወልቅ ኢርፎን አለ...”

“ባትሪ ስጠኝ። ደግሞ ድምፅ የሚያወጣ... ሽማግሌዎች ተቀምጠው አንድ ላይ የሚሰሙት።”

“ስፒከር ነዋ! እስቲ መጀመሪያ ዕቃውን ልየው፤ ቀዳዳው ሁሉም ጋ አንድ አይደለም።”

ሽማግሌው ከሽርጣቸው እጥፋት በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ቀስ ብለው ፈቱት።

ጁነይድ ክው አለ።

ሰማያዊ ኤምፒስሪ... ጀርባው ላይ በምስማር “ሳ” ተብሎ ተጭሯል። የጫረው ራሱ ጁነይድ ነው፣ ለወንድሙ የሰጠው ቀን።

“ይሄን... ከየት አመጡት?”

ሽማግሌው ፊቱን አተኩረው አዩት።

“ታውቀዋለህ?”

“እኔ ነኝ የጠየቅኩት!”

ሽማግሌው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሰላምታውን እንደ አዲስ ጀመሩት!

“ናጋ ኢልማ ኮ? ሰላም ነህ ልጄ? እናት ናጋ? ቤት ናጋ?”

“ናጋ ነው! ዕቃው ከየት መጣ ነው የምልዎት!”

“እዚህ ብቻህን ነህ?”

ጁነይድ ጥርጣሬ ገባው።

“አባት አለህ? አጎት... ታላቅ ሰው? የት ነው የሚውለው? ቤታችሁስ በየት በኩል ነው?”

በቃ። የቀረውን ጁነይድ ራሱ ጨረሰው። ወንድሜን ገድሎ ዘርፏል፤ አሁን ደግሞ ቤታችንን ሊያጠና መጣ!

አንቱታው እዚያው ላይ ቀረ።

“አንተ ሌባ! ወንድሜን የት አደረስከው?”

ባንኮኒውን ዘሎ አንገታቸውን ያዘ።

መቼም የእኛ ሰው “ሌባ!” ሲባል ምን ተሰረቀ ብሎ አይጠይቅም። ባጃጅ የሚነዳው ወንዶሰን ሮጦ መጣና የሽማግሌውን እጅ ጠመዘዘ። ገበያተኛው ከበበ። አንዱማ ድንጋይ አነሳ።

“ተናገር! ሳሊም የት ነው?”

ዝም።

ጁነይድ በጥፊ መታቸው... ሽማግሌ ሰው! ከከንፈራቸው ደም ወረደ።

“ታላቅ ሰው ጥራልኝ” ብቻ አሉ። “ለአንተ አልናገርም። እዚህ አልናገርም።”

“ይኸው! ባይሠራው ኖሮ ዝም ይል ነበር?” አለ ወንዶሰን።

እናንተስ ብትኖሩ ያንን ዝምታ ምን ትሉት ነበር?

ሁለተኛው ጥፊ ሊያርፍ ሲል የጁነይድ አጎት ሐጂ ሀሺ ሰው እየገፉ ደረሱ።

“ልቀቋቸው! በሽማግሌ ላይ እጅ ይነሳል እንዴ? ምን ጉድ ነው!”

ሽማግሌው ሐጂን ቀና ብለው አዩ።

“የዚህ ልጅ ታላቅ እርስዎ ነዎት?”

“አጎቱ ነኝ።”

ሽማግሌው ሐጂን ወደ ሱቁ ጥግ ወሰዷቸውና በጆሯቸው የሆነ ነገር ነገሯቸው።

ሐጂ ሀሺ ካርቶን ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ወደ ጁነይድ ዞረው “ሱቁን ዝጋ። ቤት እንሂድ” አሉ።

ጁነይድ እውነቱን የሰማው ዘመድ ከተሰበሰበ፣ እናቱም ግራና ቀኝ ከተያዙ በኋላ ነው።

ሳሊምን ደራሽ ውሃ ከነሞተሩ ወስዶታል።

ያገኙት እኚህ ሽማግሌ ናቸው። ዋቅጋሪ ይባላሉ። ከብት ሊያጠጡ ወርደው ሲያዩት ገና ነፍሱ አልወጣችም ነበር፤ እጃቸውን ይዞ፣ ሸሃዳ ብቻ ብሎ አረፈ። የማን ልጅ እንደሆነ አያውቁም። የራሳቸውን ነጠላ ለከፈን ሰጥተው፣ በአካባቢው ያሉ ሙስሊሞችን ጠርተው በደንቡ አስቀበሩት።

መታወቂያውንም ስልኩንም ውሃ በልቶታል። የተረፈችው በፌስታል ጠቅልሎ አንገቱ ላይ ያሰራት ኤምፒስሪ ብቻ ናት። የመንደሩ ወጣቶች ሲከፍቷት የሳሊም ድምፅ ተቀድቶባታል... ስለ ነገሌ እያወራ፣ እየሳቀ። ከዚያ ባትሪው አለቀ።

ስፒከሩ ለዚህ ነበር። መስጊድ በር ላይ ሽማግሌዎችን ሰብስበው ሊያሰሙና የልጁን ዘመድ ሊያገኙ። በኢርፎን ከሆነማ አንድ ምስኪን ለብቻው መርዶ ሊሰማ ነው!

ጁነይድ ዕቃውን ሲያውቀው ግን ጨነቃቸው። ለወንድም፣ በቁሙ፣ ገበያ መሃል፣ ያለ ታላቅ ሰው መርዶ አይነገርም። ስለዚህ ጥፊውን ተቀበሉ።

ጁነይድ እግራቸው ላይ ወደቀ።

“አባባ... አንዲት ቃል ቢተነፍሱ እኮ እጄን አላነሳም ነበር!”

ዋቅጋሪ በሁለት እጃቸው አነሱት።

“እኔም ልጅ ነበረኝ” አሉ። “ያቤሎ መናኸሪያ ቆሜ፣ አንዱ ከመኪና ላይ ጮኾ ነው ሞቱን የነገረኝ። የሚይዘኝ ሰው አልነበረም... መሬት ላይ ወደቅኩ። ሰውም መንገድ ዘጋህ ብሎ ተቆጣኝ።”

“...የአንተ ጥፊ ነገ ይድናል ልጄ። ያ ግን እስከ ዛሬ አልዳነልኝም።”

ወገኖቼ... ዝም ያለ ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም። አንዳንዱ አፉን የዘጋው ለአንተ አዝኖ ነው። እጅህን ከማንሳትህ በፊት ታላቅ ሰው ጥራ።

እስቲ በሐቅ መልሱልኝ... እናንተ እትዬ በድሪያን ብትሆኑ፣ የሳሊምን ቀባሪ በጥፊ ለመታው ለጁነይድ በዚያች ቀን ምን ትሉት ነበር? ኮሜንት ላይ እጠብቃችኋለሁ።