የመዶሻው ተራ

«እገፋለሁ» ይላል ሜልክ።

ፍሪዶሊን ከያዛቸው ካርታዎች ላይ ቀና ይላል። ያስ በሚሉት የካርታ ጨዋታ መግፋት ማለት የዙሩ አለቃ የሚሆነውን ምልክት የመምረጡን ጣጣ ለጥንድ ጓደኛ መተው ነው፤ የተገፋበት ሰው ደግሞ መልሶ መግፋት አይችልም። ከምሳ ጀምሮ ተራው በደረሰ ቁጥር ሲገፋ የዋለው ፍሪዶሊን ነበር። ሜልክም እያጉረመረመ ሲመርጥለት ውሏል።

በመሐላቸው የተቀመጠችው ተጋጣሚያቸው ቭሬኒ ይህን ልብ ብላለች። «ምነው መዶሻው፣ ዛሬ አቀባይ ሆነህ ዋልክ? በደጉ ዘመንህ እኮ ለእናትህም ኳስ አታቀብልም ነበር!»

ባሏና ጥንዷ ባልዝ፣ የድሮው የእግር ኳስ ቡድናቸው በረኛ፣ ጠረጴዛውን እየደበደበ ይስቃል። ፍሪዶሊንም አብሮ ይስቃል። መዶሻው የሜዳ ስሙ ነው፤ ከግቦቹ የሚበዙትን ያስቆጠረው በግንባሩ ነው። የክለቡ ቤት መስኮት በዝናብ ታጥቧል፤ ከውጭ ያለው ሜዳ ግራጫ ሆኗል።

«እህ? አለቃው ማን ነው?» ይላል ባልዝ።

ፍሪዶሊን ካርታዎቹን ይመለከታል። ሁለቱ የጽጌረዳ ምልክት ያለባቸው ናቸው። የቀሩት ሁሉ ያ ቢጫ፣ ክብ፣ ከሥሩ አፍ ያለው ነገር ናቸው። ከአባቱ ጭን ላይ ሆኖ ካርታ ካየበት ቀን ጀምሮ ያውቀዋል። ዙሩን ጠራርጎ እንደሚያሸንፍበትም ያውቃል። ስሙን ቢጠራ ይበቃል። ስሙ ግን የለም።

ያ ፍርሃት ይመለሳል። እንግዳ አይደለም፤ ከመኸር ጀምሮ እየመጣ ይሄዳል። ለሚስቱ አልነገራትም። የመሐል ተከላካያቸው ሐንስሃይሪ ባለፈው ዓመት ባርኔጣውን አድርጎ የገዛ ሚስቱን «እመቤት፣ ስለ መስተንግዶው አመሰግናለሁ፤ አሁን ግን ወደ ቤቴ ልሂድ» ማለቱን መላው መንደር ሰምቷል። ሐንስሃይሪና እርሱ በዝናብ የራሰውን፣ እንደ ድንጋይ የከበደውን የቆዳ ኳስ ለዓመታት በግንባራቸው ሲመቱ ኖረዋል። ጠዋት በጨርቅ ማተሚያው ፋብሪካ ይሠሩ ነበር፤ ማታ ደግሞ ከአሠልጣኙ እጅ እየተወረወረ የሚመጣው ያ ኳስ ነበር።

ሲፈራ የሚያደርገው ነገር አለ፤ የተጫወተባቸውን ከተሞች በቅደም ተከተል ይጠራል። ግላሩስ። ቀጥሎ ቪንተርቱር። ቀጥሎ ሉጋኖ። ቀጥሎ ሴት ልጁ የተወለደችባት፣ ሐይቁ ላይ የእንጨት ድልድይ ያላት፣ ሊቀመንበሩ ከግብ በኋላ ቺዝ የሚሸልምባት…

«ጎበዝ፣ ሊመሽ ነው!» ትላለች ቭሬኒ።

«ጋሻ» ይላል ፍሪዶሊን። ባለፈው ዙር ባልዝ የተናገረው ቃል ነው። በአፉ የተገኘው እርሱ ብቻ ነው።

ሜልክ ለአፍታ ያየውና የጋሻ ካርታ ያወርዳል። ቭሬኒ በጋሻ ትከተላለች። ፍሪዶሊን ካርታዎቹን ደጋግሞ ያያል፤ ከዚያ ቢጫውን ይጥላል።

«ቆይ፣ ቆይ!» ባልዝ ከወንበሩ ብድግ ይላል። «ጋሻ የለህም?»

«የለኝም።»

«ራስህ ጋሻ ብለህ፣ አንድም ጋሻ ሳይኖርህ?» ባልዝ ጎንበስ ብሎ የፍሪዶሊንን እጅ ያያል። «እናንተዬ፣ እዩት! እጁ ሙሉ ቃጭል ነው! ቃጭል ይዞ ጋሻ ይላል! ይህን የአምስት ዓመት ልጅም አይሠራው!»

ቃጭል። ፍሪዶሊን ቃሉን ይሰማል። ቢጫውን ክብ ነገር ያያል። ሁለቱ አይገናኙም።

አንገቱን ሰብሮ የሜልክን ስድብ ይጠብቃል። ሜልክ የቀኝ ክንፍ ተጫዋች ነበር፤ በሕይወቱ ስሕተት ይቅር ብሎ አያውቅም። በዋንጫው ግማሽ ፍጻሜ ፍሪዶሊን ባዶ ጎል ፊት ስለሳታት ኳስ በባቡር እስከ ቤታቸው ድረስ ሲጮኽበት መጥቶ፣ እስከ ዛሬም በየቀብሩ ላይ ያነሣበታል። አሁን «አንተ ደደብ» ይላል። አሁን ካርታውን ይወረውራል። ይወርውረው! ያን ጊዜ ስሕተቱ ተራ ስሕተት ይሆናል፤ ቭሬኒ ትስቃለች፤ ቀኑም እንደ ሌላው እሑድ ያልፋል።

ሜልክ ካርታዎቹን ቀስ ብሎ ይሰበስባል። «የኔ ጥፋት ነው» ይላል በለሆሳስ። «መግፋት አልነበረብኝም።»

የባልዝ ሣቅ መሐል መንገድ ላይ ይቀራል። ቭሬኒ ባሏን ታያለች፤ ከዚያ ማንንም ሳታይ ተነሥታ ወደ ማእድ ቤት ትገባለች። የሳሕን ድምፅ ይሰማል። ትኩስ ቋሊማ በየፊታቸው አስቀምጣ ትቀመጣለች።

«ስደበኝ እንጂ» ይላል ፍሪዶሊን። «ሜልክ፣ ምን ሆነሃል? ስደበኝ!»

«ብላ፤ ይቀዘቅዛል።»

ፍሪዶሊን ግን ሹካውን አያነሣም። ሜልክ እጁን ዘርግቶ የጓደኛውን ሳሕን ወደ ራሱ ይስብና፣ ዓይኑን ከቢላዋው ላይ ሳያነሣ፣ ቋሊማውን በትናንሹ ይቆርጥለታል።