ወደ ኤረር የተጫነው አልጋ

የፌዴራሉ አዋጅ ከወጣ ወዲህ፣ አንድ ቀን ያለ ጭነት የዋለ ትንሽ የባቡር መስመር በማግስቱ ሐዲዱ ይነቀላል። አንዴ የተጫነ ዕቃ ደግሞ በዚያው ዓመት ቢደገም አይቆጠርም፤ ሐዲዱ ሥር የተቀበረው መርማሪ መሣሪያ እያንዳንዱን ዕቃ ለይቶ ያውቀዋል። አዋጁን የጻፉት ሰዎች ባቡር ላይ ወጥተው አያውቁም።

ከድሬዳዋ ኤረር የሚመላለሰው ሾፌሩ ደምሰው ዕቃ የሚያስጭን ነጋዴ ካጣ ወር አልፎታል። የቤቱ ቡፌ ኤረር ደርሶ ተመልሷል፤ ቁም ሳጥኑም፣ ወንበሩም እንዲሁ። ዛሬ የቀረው አልጋው ብቻ ነው።

«ፈትሌ፣ እስከ ነገ ብቻ ነው» አላት ሚስቱን፣ አልጋውን እየፈታታ።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባቡሯን አግብተህ እኔን ውሽማ አድርገህ ኖረሃል» አለች ፈትለወርቅ። «አሁን ደግሞ አልጋዬንም ልትሰጣት?»

«ሐዲዱ ከተነቀለ እኔ ምን ቀረኝ?»

አልጋውንና ፍራሹን ጣቢያ ወስዶ ሲጭን ፈትለወርቅ ትራሷን በብብቷ ይዛ ተከተለችውና ፉርጎው ላይ ወጥታ ፍራሹ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።

«አንቺ! ሰው መጫን ክልክል ነው እኮ!»

«አልጋዬ የሚያድርበት ነው የማድረው።»

ደምሰው ግራ ቀኙን ገላምጦ የጭነት ወረቀቱን አወጣና «አልጋ፣ አንድ፤ ከነሙሉ ዕቃው» ብሎ ጻፈ።