መብረቅ ሲፈተን

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የግቢው በር ሲንኳኳ ሞግዚቷ የያዘችውን መጥረጊያ ጣለች። ቀጠሮው ገና ለአራት ሰዓት ነበር።

ሞግዚት ያሏት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ከልብስ ስፌት ፋብሪካ ከተቀነሰች በኋላ ጓሮዋን አጥራ የውሻ ማቆያ ስትከፍት፣ "የሰው ልጅ አልቆ ነው ለውሻ ሞግዚት የሆንሽው?" ብለው ሳቁባት፤ ስሙም በዚያው ቀረ። ሰዎች ሥራ ሲውሉ ወይም መንገድ ሲሄዱ ውሻቸውን ይተዉላታል። እሷ ታበላለች፣ ታጥባለች፣ ታንሸራሽራለች። በሁለት ወር ውስጥ አምስት ደንበኛ አገኘች። ሳቂዎቹም ሳቃቸውን ዋጡ።

አምስቱ ደንበኞች ግን የተስማሙ ይመስል አንድ ነገር ጠየቋት። ውሾቹ ቢጠፉ፣ ቢታመሙ ወይም ሰው ቢነክሱ የሚክስ ኢንሹራንስ እስከዚህ ሳምንት መጨረሻ ካልገባች ይወስዷቸዋል። ኢንሹራንሱ ደግሞ መርማሪ ልኮ ቤቱንና ውሾቹን ሳያይ አይፈርምም። ቀኑ ሲቆረጥላት ሞግዚቷ ደስታዋን መያዝ አቃታት። መብረቅ የተባለውን ውሻ ፎቶ አወጣችና "ሐሙስ ጠዋት መርማሪ ያየናል፤ ከዚያ በኋላ ሙሉ ዋስትና አለን" ብላ በስልኳ ማኅበራዊ ገጿ ላይ ላየው ሁሉ ለጠፈች።

መብረቅ ከደንበኞቿ አንዷ የሆነችው ዶክተር ውሻ ነው። ቁመቱ የሞግዚቷን ወገብ ያክላል፤ ዘሩ እንደ ልብ አይገኝም፤ መንገድ ላይ ሲወጣ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየዋል። ማክሰኞ ዕለት ሳህኑን ስታነሳበት ክንዷን ነከሳት። ለዶክተሯም፣ ለእህቷም፣ ለማንም አልተናገረችም። ፋሻውን በረጅም እጅጌ ሸፈነች። ተናካሽ ውሻ ያለበትን ቤት የሚቀበል ኢንሹራንስ የለም ሲባል ሰምታለች።

ታላቅ እህቷ ትናንት ደውላ ምክር ሰጥታታለች። "ስሚ፣ ሰዎቹ ካሉሽ ሰዓት ቀድመው ነው የሚመጡት፤ ሳትዘጋጂ ሊይዙሽ። የጠየቁሽን ሁሉ መልሺ። አንዲት ነገር ደብቀሽ ቢደርሱብሽ አለቀልሽ።"

የፈሩት ይደርሳል። ሞግዚቷ እጅጌዋን እስከ መዳፏ ጎትታ በሩን ከፈተች።

ሰውየው ሰማያዊ ኮት ለብሷል፤ በእጁ ወረቀት የተቆነጠጠበት ሰሌዳ ይዟል። ደረቱ ላይ የተንጠለጠለው መታወቂያ ተገልብጦ ጀርባው ብቻ ይታያል። ልታቃናለት ቃጣትና ፈራች።

"ከኢንሹራንሱ ነዎት አይደል?"

"ታዲያ ከየት ልሆን?" አለና ገባ።

ብዙ አይናገርም፤ ይጠይቃል፣ ይጽፋል። እስክሪብቶው በተንቀሳቀሰ ቁጥር አንድ ጥፋት የተመዘገበባት ይመስላታል።

"የጓሮው በር በምን ይቆለፋል?"

"በመቀርቀሪያ ብቻ።"

"ቀን ቀን ከእርስዎ ሌላ እዚህ ማን አለ?"

"ማንም የለም። ብቻዬን ነኝ።"

"ካሜራስ?"

"ገና አላስገባሁም" አለች። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። አበቃልኝ ብላ አሰበች።

በየውሻው ቤት በር ላይ ካርድ ተሰቅሏል፤ ይህ የራሷ ፈጠራ ነው። ውሻው ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚያስደነግጠው፣ ሲቆጣ በምን እንደሚበርድ በእጇ ጽፋበታለች። ሰውየው አራቱን ካርዶች ገረፍ አድርጎ አለፈና መብረቅ ጋ ቆመ። የሱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ጥሩ ሥራ ነው" አለ። "ይሄኛውን ያውጡልኝ።"

ሞግዚቷ የውሻው ቤት በር ፊት ቆመች። "እሱን ቢተዉት? እንግዳ ሲያይ ትንሽ... ይከፋዋል።"

"ይነክሳል እንዴ?"

የለም ለማለት አፏን ከፈተች። የእህቷ ምክር ትዝ አላት። ሳታስበው እጅጌዋን ሰብስባ ፋሻውን አሳየችው። "እኔን ነክሶኛል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እየበላ ሳህኑን ነካሁበት። እባክዎ በዚህ ምክንያት አይጣሉኝ። ይሄ ቤት ከተዘጋ መግቢያ የለኝም።" እንባዋ መጣ።

ሰውየው ይህን አልጻፈም። "አይዞዎት" አለ፤ ድምፁ ለስላሳ ነበር። "ተፈትኖ ካለፈ ችግር የለውም።"

ከኮቱ ኪስ የቆዳ ማሰሪያና ቁራጭ ደረቅ ሥጋ አወጣ። ልክ ካርዱ እንደሚለው የመብረቅን ጆሮ ሥር አከከለት። ውሻው ጅራቱን ቆላ።

"እስከ አስፋልቱ ወስጄ ልመልሰው። እርስዎ እዚሁ ይቆዩ፤ እርስዎን ካየ ፈተና አይሆንም።"

ውሻና ሰው ተያይዘው በቅያሱ ታጠፉ። ሞግዚቷ በሩን ተደግፋ ቀረች። ይነክሰዋል፤ አሁን ይነክሰዋል። ያን ክፉ ጥርስ በክንዷ ታውቀዋለች። ሰውየው ሸምገል ያለ ነው፤ እጁን ቢይዘው ማን ያስጥለዋል? ጆሮዋን አቁማ ጩኸት ጠበቀች።

አምስት ደቂቃ አለፈ። አንድ መኪና ተነስቶ ሄደ እንጂ ጩኸት አልተሰማም። አሥር ደቂቃ አለፈ። ዝምታው ተስፋ ሰጣት፤ ተስፋው ደግሞ ይባስ አስፈራት። ሰውየውን አደራ አለች ለፈጣሪ፤ ደህና ብቻ ይመለስ።

ስልኳ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነው። ፈጥና አነሳችው።

"ምነው፣ ነከሰዎት?"

"አቤት? ከኢንሹራንሱ ነው የምንደውለው፤ ከአራት ሰዓት ትንሽ ስለምናረፍድ ይቅርታ፤ መርማሪያችን አሁን ገና ከቢሮ መውጣታቸው ነው።"