ሃያ ኪሎ ሜትር ይሄዳል የተባለው ሳንቃ

ሰውየው የጋዜጣ ገምጋሚ ነው። ማንቆርቆሪያ፣ ካውያ፣ ፍራሽ፣ ምን የማይገመግመው አለ! ዕቃውን ቤቱ ወስዶ ይሞክርና ቅዳሜ ቅዳሜ ፍርዱን ይጽፋል። ባልደረቦቹ «ዳኛው» ይሉታል፤ እሱም ስሙን ወዶታል። አንዴ የገዛ አጎቱ የሠራውን ወንበር «ለማይወዱት እንግዳ የሚሆን» ብሎ ጽፎ፣ ከአጎቱ ጋር ሆድና ጀርባ እንደሆኑ ቀሩ።

በዚህ ሳምንት የደረሰው የኤሌክትሪክ ሎንግቦርድ ነው፤ አራት ጎማ ያለው ረጅም ሳንቃ፣ ከሥሩ ባትሪና ሞተር፣ በእጅ የሚያዝ መቆጣጠሪያ። ዋጋው የሌሎቹ ግማሽ ነው። ችግሩ ሻጩ ነው፤ የሚስቱ ወንድም።

ወንድምየው አሥራ ሁለት ዓመት መርከብ ላይ ሠርቶ የተመለሰው ዘንድሮ ነው። ሁለት መቶ ሳንቃ አስመጥቶ ሱቅ ከፈተ።

«አንዴ ከተሞላ ሃያ ኪሎ ሜትር ይሄዳል» አለ ሳንቃውን ኮሪደሩ ላይ ሲያስረክብ። «ሌላ ነገር አልልህም። ካልተሸጠልኝ ግን ተመልሼ መርከብ ነኝ።»

«መርከብ» የምትለዋ ቃል እናትየውን ከክፍላቸው አወጣቻቸው። ከሴት ልጃቸው ጋር የሚኖሩት እኚህ ሴት፣ የዳኛው አማት፣ ሠላሳ ዓመት በብስክሌት ደብዳቤ ሲያድሉ የኖሩ ናቸው። የከተማውን መንገድ በሜትር ያውቁታል፤ ጉልበታቸው ግን እዚያው መንገድ ላይ ቀረ።

«ደግሞ ባሕር?» አሉ። «አሥራ ሁለት ዓመት ስጠብቅህ ዐይኔ ሟሟ። አሁንስ አልችልም!» ወደ ዳኛው ዞሩ። «ልጄ፣ አደራህን፣ በጎ በጎውን እይለት።»

«እማማ፣ እኔ ያለውን ነው የማየው» አለ። ሊያስቃቸው ፈልጎ ደግሞ፣ «መቼም ለጉልበት በሽተኛ አይሆንም» ሲል ጨመረ።

«መቆሙስ አያቅተኝም፤ መራመዱ ነው የሚገድለኝ» አሉና ተመልሰው ገቡ።

ዳኛው ደንብ አለው። ማታ ባትሪውን ይሞላል፤ ሲሞላ ገመዱን ነቅሎ ሳንቃውን ኮሪደሩ ላይ ያቆመዋል፤ ጠዋት ቁርሱን በልቶ ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል። ሦስት ቀን፣ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ሰዓት። ሳንቃው ያለው አንዲት መብራት ብቻ ናት፤ ባትሪ እስካለ አረንጓዴ፣ ሲያልቅ ቀይ። ስንት እንደቀረ አትናገርም። «የርካሽ ነገር!» ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈ።

የመጀመሪያው ቀን ፀጉር ቤት ደጃፍ ላይ ሁለቴ ወደቀ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ወጥቶ ሳቀበት። ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ግን ነገሩ ገባው። ነፋሱ ሸሚዙን ሲነፋው ደስ አለው፤ ፈገግ ሲል ያየው ሰው እንዳለ ግራ ቀኙን ገላመጠ። አሥራ አንደኛው ላይ መብራቷ ቀላች። ሳንቃውን በብብቱ ይዞ በእግሩ ተመለሰ።

በማግስቱም አሥራ አንድ። በሦስተኛውም ቀን አሥራ አንድ።

ሰው ቢሆን አንዱ ቀን ላይ ይምታታበት ነበር፤ ዕቃ ግን ቃሉ አንድ ነው። ሌላም ጉድ አገኘበት። «ቆሞ አድሮም ሞተሩ ይሞቃል» ብሎ ጻፈ። ደግሞም፣ «ጎማው ሠላሳ ሦስት ኪሎ ሜትር ሄዶ የስልሳ ያህል ተበልቷል።»

ለወንድምየው ደወለ።

«ምን ዓይነት ባትሪ ነው ያስገባህበት?»

«እኔ ስሞክረው ሃያ ሄዷል፤ በናቴ እምልልሃለሁ! ሌላ ልስጥህ?»

«ድንቄም! ለኔ የተመረጠ፣ ለሕዝቡ የተረፈ? በል ይቅር።»

«እሺ፣ እንደፈለግህ» አለ ወንድምየው ድምፁ ተሰብሮ። «ገበያውስ ጀማምሮልኝ ነበር። የሚገርምህ፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ መጥተው የሚጠይቁኝ ጡረታ የወጡ ሴቶች ናቸው።»

የዋሃኑን ማታለል ጀምሯል ማለት ነው፣ ሲል ዳኛው አሰበ። አዘነበት።

ቤት ውስጥ የልኬቱን ውጤት የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ነበረች።

«ወንድሜ ነው እኮ» አለችው። «አንድ ሳምንት ብታቆየው ምን አለበት?»

«ለዘመድ ብዬ ሕዝብ ላታልል?»

አማቱ ሐኪም ያዘዘላቸውን የማለዳ እርምጃ ጨርሰው ቁርስ ላይ ተቀላቀሏቸው። በዚያ ሳምንት ሲያቃስቱ አልተሰሙም፤ ፊታቸው ፈክቷል። ልጄ ሊቀርልኝ ነው ብላ እኮ ነው፣ አለች ሚስቱ በልቧ።

ቅዳሜ ጽሑፉ ወጣ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብሎ ይጀምራል። «ሻጩ ሃያ ይላል፤ ሳንቃው አሥራ አንድ። እኔ ሳንቃውን አምኛለሁ።» ሚስቱ ጋዜጣውን ደበቀችው፤ ልጃቸው ውሸታም መባሉን እናቷ እንዳያነቡ።

ያነበበው ሕዝብ ግን አነበበ። ጡረተኞቹም ቀሩ። ወር ሳይሞላ ሱቁ ተዘጋ፤ ወንድምየው ሻንጣውን ይዞ ሊሰናበት መጣ።

«እማዬ፣ በቃ፣ አታልቅሺ። ሁለት ዓመት ምንም አይደል።»

«ማን ነው ልጄን መልሶ ባሕር ላይ የጣለው?» አሉ እናትየው። «ንገሩኝ! ደህና ጀምሮለት አልነበር?»

ሚስቱ ዳኛውን አየችው። እሱ ፈሪ መባልን አይወድም።

«እኔ ነኝ፣ እማማ። እሱ ሃያ ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብሎ ነበር። ሦስት ቀን ጠዋት ለካሁት፣ አሥራ አንድ ብቻ ሆነ። ያገኘሁትን ጻፍኩ።»

አማቱ እንባቸውን መጥረጋቸውን ተዉ።

«አሥራ አንድ?» አሉ። «እኔ ጎህ ሲቀድ ዘጠኝ ከነዳሁት በኋላ?»