ቧሂት ጫፍ ላይ እራት

የልጄ ልጅ፣ ምስጢር፣ ቦርሳዋን አዝላ ብቻዋን ቧሂት ተራራ ጫፍ ላይ ልታድር ወጣች። «ምነው፣ ጎንደር ማደሪያ አጣሽ?» ብላት ሳቀችብኝ። እኔ ግን ስልኩን ከእጄ ሳላወርድ ዋልኩ።

ሲመሻሽ ደወለች። ድንኳኗን ተክላ የቋጠርኩላትን ዳቦ ልትቆርስ ኖሯል።

«እንብላ፣ እማዬ» አለችኝ። ሳይጋብዙ መብላት ነውር ነው ብዬ ያሳደግኳት እኔው ነኝ።

«ብይ፣ ልጄ» ልል ስል፣ ከእሷ በኩል የሽማግሌ ድምፅ ቀደመኝ። «እሺ፣ እንብላ» አለ።

«ማነው አጠገብሽ?»

«እዚህ ማን ይመጣል ብለሽ ነው? ብቻዬን ነኝ።»

«ለእኔም ቁረሽልኝ እንጂ» አለ ድምፁ።

«እንኩ፣ አያ» አለችው። ቀጥላም፣ «አሁንም አላመንሽኝም፣ እማዬ? ብቻዬን ነኝ አልኩሽ እኮ።»