ስኳር ሲያልቅ

ልጄ የምትሠራበት ላብራቶሪ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስንወጣ ሁለት ጊዜ ቆማ አረፈች፤ እኔ በስልሳ ዓመቴ አንዴም አላረፍኩም።

«አሞሻል እንዴ?»

«አንቺ ደግሞ፣ እማዬ! ደረጃው ነው።»

ውስጥ ገብተን ሁለት ሳህን እርሾ አሳየችኝ። በአንደኛው እርሾው ሞልቶ በቅሏል፤ ሌላው ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

«እርሾ ስኳር ሲያልቅበት የሕዋሱን ኃይል ማመንጫ፣ ማይቶኮንድሪያውን፣ የሚያሠሩ ጂኖችን ቀስቅሶ ጉልበት ያገኛል» አለች። «ይህኛው ግን አይችልም። ከአንዲት በሽተኛ ጂን ላይ ያገኘሁትን ስህተት አስገብቼበታለሁ።»

«ምስኪን! ትድናለች?»

«መድኃኒት እየፈለግሁላት ነው።»

«እናቷስ ታውቃለች?»

ባዶውን ሳህን አንስታ ልታስቀምጠው ዞረች። ሳህኑን ከእጇ ወሰድኩ። ጎኑ ላይ የበሽተኛዋ ስም ተለጥፏል። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት እኔ ያወጣሁት ስም ነው።