ቁጥር መቶ አስራ ሰባት

ሦስተኛውንም ረድፍ እገልጣለሁ። እርጥቡ ወረቀት ላይ የተኙት ስምንት የአኩሪ አተር ፍሬዎች እንደ ቀደሙት ሻግተዋል። ሁለት ረድፍ ይቀራል።

"አልበቀለም?" ይላሉ እትዬ የምላቸው የዘር ክፍሉ ጠባቂ፣ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ።

"ገና ነው።"

ካሉን ስምንት መቶ ዝርያዎች ዝናብ ቢበዛም ቢያንስም ምርቱ የማይዋዥቅ፣ ፕሮቲኑም ከሁሉ የሚበልጥ ይሄ ቁጥር መቶ አስራ ሰባት ብቻ ነው። አሮጌ የመስክ መዝገብ ሳገላብጥ ነው ያገኘሁት። የተረፈውም ይሄው አርባ ፍሬ ነው። አኩሪ አተር ትዕግስት የለውም፤ በየጥቂት ዓመቱ ተዘርቶ ካልታደሰ የተቀመጠበት ፖስታ ውስጥ እንዳለ ይሞታል። ይሄኛው አስራ ሁለት ዓመት ተቀምጧል።

ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ፣ "ሙት ወቃሽ አያድርገኝና ጋሼ ባይዘነጉት ኖሮ ዛሬ ዘሩ በእጃችን ነበር" ብያለሁ። ጋሼ ሥራውን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፤ ከሞቱ ዓመት አልሞላቸውም። ከዚያ ቀን ወዲህ እዚህ በገባሁ ቁጥር ከመደርደሪያው ጀርባ ሳላቸውን እሰማለሁ። ማቀዝቀዣው ነው እላለሁ። ማቀዝቀዣ ግን ጉሮሮውን አይጠርግም።

አራተኛው ረድፍም እንደዚያው ነው።

"ፖስታውን ገልብጠሽ አይተሽዋል?" ይላሉ እትዬ።

"ምን አለው?"

"አንብቢዋ።"

ጀርባው ላይ የጋሼ ጽሑፍ አለ፦ "በመጪው ክረምት የግድ ይዘራ።" በዚህ ክፍል ደንብ፣ እንዲህ ያለ ማሳሰቢያ የደረሰው ሰው ከሥሩ "አይቻለሁ" ብሎ ይፈርማል። ተፈርሟል። የእኔ ፊርማ ነው።

ያ ክረምት ትዝ አለኝ። መመረቂያዬን ልጨርስ እየተጣደፍኩ፣ ለዘሩ ማደሻ የቀረችውን ቁራጭ መሬት ለራሴ ሙከራ ወሰድኳት። ጋሼ ሁለተኛ አልጠየቁኝም። አምነውኝ ነበር።

"ያውቁ ነበር፣ እትዬ?"

"ስትፈርሚ እስክሪብቶውን ያቀበልኩሽ እኔ አይደለሁም እንዴ?"

"ታዲያ ስብሰባው ላይ ለምን ዝም አሉ?"

"ትዝ ይላታል ብዬ ነዋ፣ ልጄ።"

አፈርኩ፤ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። አምስተኛውን ረድፍ ገለጥኩ። ሻጋታ ነው። ሳሉን ጠበቅሁ፤ ዛሬ መደርደሪያው ጀርባ ማንም የለም።

እትዬ እስክሪብቶ አቀበሉኝ። የብቅለት ምርመራው ቅጽ ላይ "የበቀለ" ከሚለው ፊት ዜሮ ጻፍኩ። ከሥሩ "አይቻለሁ" ብዬ ፈረምኩና ከፖስታው ጎን አስቀመጥኩት። በአስራ ሁለት ዓመት ፊርማዬ አልተለወጠም።